ማየትም ሥራ ነው፦ የአይሪስ መርዶክ ሕይወትና አስተሳሰብ

አንዲት ሴት ወንድ ልጇን ዳረች። ምራቷን ግን አልወደደቻትም። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ልበ ቀና ናት። ነገር ግን በአማቲቱ ዐይን ያልተገራች፣ ድምፅዋ ከፍ የሚል፣ ደፈር ደፈር የምትል፣ ልጅነቷን ያልጨረሰች ሴት ናት። አማቲቱ ልጇ ለእርሱ የማትመጥን ሚስት አገባ ብላ ታዝናለች፤ ኀዘኗ ግን በሆዷ ነው። የተከበረች፣ ጨዋ ሴት ናትና ፊቷ አይጠቁርም፣ ቃሏም አይሻክርም። ምራቷን በወጉ ትቀበላታለች፣ በወጉ ታስተናግዳታለች፣ በወጉም ትሸኛታለች። ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ ደግሞ ባልና ሚስቱ ወደ ሩቅ አገር ሄደዋል፣ ወይም ምራቲቱ ሞታለች እንበል። ከእንግዲህ አማቲቱ ለምራቷ ልታደርግላትም ሆነ ልታደርግባት የምትችለው አንዳች ነገር የለም።

ጊዜ አለፈ። አማቲቱ ቅሬታዋን ታቅፋ አልቀረችም። አንድ ቀን ዐይኗን ወደ ራሷ መለሰች። የቆየ ልማድ የያዛት ሰው መሆኗን፣ ምናልባትም በንቀት የምትመለከት መሆኗን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በልጇ መቅናቷን ለራሷ አመነች። ከዚያም ያቺን ልጅ በሐሳቧ እንደገና ማየት ጀመረች። ቀስ በቀስም ያልተገራች ያለቻት ልጅ ግልጽ ሆና ታየቻት፤ ጯሂ ያለቻት ደስተኛ፣ ልጅነቷን ያልጨረሰች ያለቻትም ለጋ ልብ ያላት ሆና ታየቻት።

ለመሆኑ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተደረገ ነገር አለ? አማቲቱ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ አንድም እርምጃ አልወሰደችም። ጎረቤት ያየው፣ ዳኛ የሚመዝነው፣ ጋዜጠኛ የሚዘግበው ነገር የለም። ግብረ ገብ የሚታይ ሥራ ጉዳይ ብቻ ከሆነ አማቲቱ ምንም አልሠራችም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ልብዎ “የለም፣ አንድ ትልቅ ነገር ሠርታለች” አይልዎትም?

ይህን ምሳሌ ፈጥራ ለዘመኗ ፈላስፎች እንደ ጥያቄ ያቀረበችላቸው እንግሊዛዊት አየርላንዳዊቷ ፈላስፋና ደራሲ አይሪስ መርዶክ ናት። ምሳሌው የሚገኘው በ1970 በታተመውና ሦስት ድርሰቶችን በያዘው «የመልካምነት ልዕልና» በተሰኘ ቀጭን መጽሐፏ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መርዶክ ሃያ ስድስት ረጅም ልብ ወለዶች ጽፋለች። ይሁንና ከሁሉም ይልቅ ይህች ስም ያልወጣላት አማት ሳትሆን አትቀርም በፍልስፍና ክፍሎች ውስጥ ስሟን ስታስጠራ የኖረችው።

ከደብሊን እስከ ኦክስፎርድ

አይሪስ መርዶክ ጁላይ 15 ቀን 1919 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች ወላጆቿ ወደ ለንደን ይዘዋት ሄዱ። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናቷ ደግሞ ለዘፋኝነት የሠለጠነች ሴት ነበረች። ከእርሷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። በ1938 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሰመርቪል ኮሌጅ ገብታ የጥንቱን የግሪክና የሮማን ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና አጠናች። ወዲያውም እንደ ብዙዎቹ የዚያ ትውልድ ተማሪዎች የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወንዶቹ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ግንባር ሄዱ። በቀሩት ክፍሎች ውስጥ የሴቶቹ ድምፅ መሰማት ጀመረ። የመርዶክ ጓደኞች ከነበሩት መካከል ፊሊፓ ፉት፣ ሜሪ ሚጅሊና ኤሊዛቤት አንስኮም ይገኙባቸዋል። አራቱም ኋላ በሃያኛው ምዕተ ዓመት የሞራል ፍልስፍና ስማቸው የሚነሣ ሰዎች ሆኑ። አራቱንም ያመሳሰላቸው አንድ ቁጭት ነበር። በጊዜው የነገሠው ፍልስፍና ሞራልን የስሜት መግለጫ ወይም የትእዛዝ ቃል ብቻ አድርጎ ሲያቀርበው፣ ጋዜጣው ደግሞ በየቀኑ ስለ ጅምላ ግድያና ስለ ማጎሪያ ካምፕ ያወራ ነበር። በዚያ ዘመን “ይህ ክፉ ነው” ማለት “ይህን አልወድም” ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም ብሎ ማስተማር ለእነርሱ የሚዋጥ አልሆነም።

መርዶክ በ1942 በማዕረግ ተመርቃ በእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስቴር ሥራ ያዘች። ከ1944 እስከ 1946 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት ተቀጥራ በለንደን፣ በቤልጂየምና በኦስትሪያ ሠራች። ጦርነቱ አገር ያሳጣቸውን ሰዎች በዐይኗ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ትቀርበው የነበረው ፍራንክ ቶምፕሰን የተባለ ወጣት መኮንን በ1944 ቡልጋሪያ ውስጥ ተይዞ ተረሽኗል። በ1946 አሜሪካ ሄዳ የመማር ዕድል ብታገኝም የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ስለነበረች ቪዛ ተከለከለች። ፓርቲውን ግን ቀደም ብላ ትታው ነበር።

ከ1948 እስከ 1963 በኦክስፎርድ ሴንት አንስ ኮሌጅ ፍልስፍና አስተማረች። ብራስልስ ሳለች አግኝታው ስለነበረው ስለ ዣን ፖል ሳርትር በ1953 አንድ መጽሐፍ አሳተመች፤ ስለ እርሱ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ነው። በዓመቱ «ከመረቡ ሥር» የተባለው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ወጣ። በ1956 ጆን ቤይሊ የተባለውን የኦክስፎርድ የሥነ ጽሑፍ መምህር አገባች። ልጅ አልወለዱም። በ1978 «ባሕሩ፣ ባሕሩ» በተሰኘው ልብ ወለዷ የቡከርን ሽልማት አገኘች። በ1987 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት “ዴም” የሚለውን የክብር ማዕረግ ሰጣት።

ልብ ወይስ ዐይን?

ወደ አማቲቱ እንመለስ። መርዶክ ይህን ምሳሌ ያመጣችው ከሁለት ወገን ጋር ለመከራከር ነበር።

አንደኛው ወገን በራሷ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የእንግሊዝ ፈላስፎች ናቸው። ለእነርሱ በሰው ውስጥ የሚካሄድ ነገር ትርጉም የሚኖረው በውጭ በሚታይ ድርጊት ሲገለጽ ነው። “ወሰንኩ” ያለ ሰው መወሰኑ የሚታወቀው ሲያደርገው ነው። ሁለተኛው ወገን እነ ሳርትር ናቸው። ለእነርሱ ደግሞ ሰው ማለት ምርጫው ነው። ሰው መንታ መንገድ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ከኋላው የሚገፋው፣ ከፊቱም የሚጠራው የለም፤ ዘልሎ ይመርጣል፤ በዚያም ራሱን ይፈጥራል። ሁለቱ ወገኖች በብዙ ነገር ባይስማሙም፣ መርዶክ እንደምትለው አንድ ስሕተት ያገናኛቸዋል። ሁለቱም ሞራልን በምርጫዋ ቅጽበት ብቻ ይፈልጉታል። ከዚያ በፊት ስላለው ረጅም ጊዜ ግን የሚሉት የላቸውም።

አንድ ምሳሌ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይጨምር። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አንዱን ጸሐፊ ማሰናበት አለማሰናበቱን ሊወስን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል እንበል። ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ብዕሩን አንሥቷል። ሳርትርን የተከተልን እንደሆነ ታላቁ የነጻነት ቅጽበት ይህ ነው። ነገር ግን ይህ ኃላፊ ላለፉት አምስት ዓመታት ጸሐፊውን ባየ ቁጥር በልቡ “ሰነፍ” እያለ ካለፈ፣ ሲያረፍድ ቆጥሮ ሲያመሽ ካልቆጠረ፣ ዝምታውን ንቀት፣ ትሕትናውን ሽንገላ እያለ ከተረጎመ፣ ውሳኔው ዛሬ የተሰጠ ነው? አይደለም። ውሳኔው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ሲሰጥ ኖሯል። ዛሬ የቀረው ፊርማው ብቻ ነው።

መርዶክ የምትለው ይህንኑ ነው። የምንመርጠው በምናየው ዓለም ውስጥ ነው፤ የምናየውን ዓለም የሠራነው ደግሞ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳያየን፣ በአተያያችን ነው። እንግዲህ ትልቁ የሞራል ሥራ መንታ መንገዱ ላይ ከመድረሳችን በፊት ይሠራል ማለት ነው። በእኛ አገር “ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል” ይባላል። መርዶክ ይህን ብትሰማ ቅደም ተከተሉ ላይ ሳትከራከር የምትቀር አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ልብ አስቀድሞ ፈርዶ ይጨርሳል፤ ዐይንን የሚጠራው ለምስክርነት ብቻ ነው።

ታዲያ ዐይናችንን የሚጋርደው ምንድን ነው? የመርዶክ መልስ አጭር ነው፤ እኔነታችን። ሰው ጊዜውን የሚያሳልፈው ራሱን የሚያጽናና ሕልም ሲሸምን ነው። በዚያ ሕልም ውስጥ ሌሎች ሰዎች የእርሱ ተዋንያን ናቸው፤ አንዱ የበደለኝ፣ አንዱ የሚያደንቀኝ፣ አንዱ የሚቀናብኝ። ፕላቶ በታወቀው የዋሻ ምሳሌው ሰዎች ከኋላቸው በሚነደው እሳት የሚፈጠረውን ጥላ እያዩ እውነት ይመስላቸዋል ብሏል። መርዶክ ያንን እሳት እኔነት ስትል ተርጉማዋለች። እሳቱ ይሞቃል፣ ብርሃንም ይሰጣል። ስለዚህም ፊቱን ከግድግዳው ወደ እሳቱ ያዞረ ሰው ራሱን ስላወቀ ብቻ ከዋሻው የወጣ፣ ፀሐይዋንም ያገኘ ሊመስለው ይችላል። ፀሐይዋ ግን ከዋሻው ውጭ ናት።

ከዋሻው የሚወጣበትን መንገድ ስትፈልግ መርዶክ ብዙ የተማረችው በ1943 በሠላሳ አራት ዓመቷ ከሞተችው ፈረንሳዊት፣ ከሲሞን ቬይ ነው። ቃሉም ከእርሷ የተወሰደ ነው። እኛ “ልብ ማለት” ልንለው እንችላለን። ልብ ማለት ማለት ከፊት ለፊት ያለውን ነገር ለራስ ጥቅም፣ ለራስ ቂም፣ ለራስ ምኞት ሳይሉ እንደ ራሱ ማየት ነው። ይህ አስተያየት ደግሞ ሁለት ነገር አብሮ ይይዛል፤ ፍትሕንና ፍቅርን። ፍቅር የሌለው ፍትሕ እንደ ምርመራ ይሆናል፤ ፍትሕ የሌለው ፍቅር ደግሞ ሽፍንፍን።

ጭልፊቷ

እንዲህ ያለ ትምህርት በስብከት ብቻ ቢቀር አድካሚ በሆነ ነበር። መርዶክ ግን ደራሲ ናትና ነገሩን በሚታይ ሥዕል ትነግረናለች። አንድ ሰው ክብሩ ተነክቶ፣ ተቆጥቶና ተብሰልስሎ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል እንበል። በዙሪያው ያለው ሁሉ አይታየውም። በድንገት ግን አንዲት ጭልፊት በአየር ላይ ክንፏን ዘርግታ ስታንዣብብ ያያል። በዚያች ቅጽበት ሁሉ ነገር ይለወጣል። የቆሰለው እኔነት ይጠፋል፤ ያለችው ጭልፊቷ ብቻ ናት። ሰውየው ወደ ቅሬታው ሲመለስ ቅሬታው ቀድሞ የነበረውን ያህል ትልቅ ሆኖ አያገኘውም።

ሌላው ምሳሌዋ ቋንቋ መማር ነው። ሩስኛ የሚማር ሰው ከፊቱ የቆመው እርሱን የማይሰማ፣ ለእርሱ ብሎ የማይለወጥ ሥርዓት ነው። ሰዋስዉን ሊቆጣው፣ ሊደልለው ወይም ሊያባብለው አይችልም። ሊያከብረውና ሊታዘዘው ብቻ ነው የሚችለው። ማንም ተማሪ ስሕተቱን አምኖ ቃሉን እንደገና በወረቀቱ ላይ ሲጽፍ፣ ሳያውቀው ትሕትና እየተማረ ነው። ትሕትና ማለት ራስን ማዋረድ ሳይሆን ከራስ ውጭ ላለ ነገር ቦታ መስጠት ነው።

አንባቢ ልብ ይበል። በእነዚህ ምሳሌዎች ውስጥ እግዚአብሔር አልተጠቀሰም። መርዶክ በሃይማኖት ሰዎችና በአማኝነት ትማረክ የነበረች፣ ነገር ግን በአካላዊ አምላክ አላምንም ያለች ሴት ናት። በእግዚአብሔር ቦታ መልካምነትን አስቀመጠች። ጸሎት በሚቆምበት ቦታ ላይ ደግሞ ልብ ማለትን። ይህ መተካት ይበቃል አይበቃም የሚለው ጥያቄ ራሷንም እስከ መጨረሻው አልተዋትም። በ1982 በስኮትላንድ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበቻቸውና በ1992 በትልቅ መጽሐፍ የወጡት ትምህርቶቿ በአብዛኛው ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተደረገ ትግል ናቸው።

በባሕሩ ዳር

በፍልስፍናዋ ስለ ማየት የጻፈችው መርዶክ፣ በልብ ወለዶቿ የጻፈችው ስለ አለማየት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። «ባሕሩ፣ ባሕሩ» ለዚህ ዋናው ምስክር ነው።

የመጽሐፉ ባለታሪክ ቻርልስ አሮቢ በለንደን ስመ ጥር የቴአትር አዘጋጅ ነበር። ሥራውን ትቶ በባሕር ዳርቻ ያለ ብቸኛ ቤት ገዝቶ ይገባል። ዝናውን፣ የቴአትር ቤቱን ግርግርና ሴቶቹን ትቼ በጸጥታ እኖራለሁ ይላል። እዚያው መንደር ግን በልጅነቱ ያፈቀራትን፣ ትታው የጠፋችውን ሃርትሊን ያገኛታል። አሁን ያረጀች፣ ባለትዳር የሆነች፣ ተራ ሕይወት የምትኖር ሴት ናት። ቻርልስ ግን ያቺን ሴት አያያትም። የሚያየው አርባ ዓመት በልቡ ይዟት የኖረችውን ልጃገረድ ነው። በትዳሯ እንደምትሰቃይ፣ እርሱን እንደምትጠብቅ፣ አዳኟም እርሱ እንደ ሆነ ራሱን ያሳምናል። ልሂድ ስትለው “ፈርታ ነው” ይላል። ስታለቅስ “ፍቅር ነው” ይላል። በመጨረሻም ቤቱ ውስጥ ይቆልፍባታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በፍቅር ስም ነው፤ ታሪኩንም የሚተርክልን ራሱ ስለ ሆነ አንባቢው ለብዙ ገጾች ከእርሱ ጋር ይታለላል።

ቻርልስ ጨካኝ ሰው ሆኖ አልተጀመረም። ለሴትየዋ ክፉ አይመኝላትም። ጥፋቱ አንድ ነው፤ አንድም ጊዜ አላያትም። አማቲቱ “እንደገና ልያት” ያለችበትን ቦታ ቻርልስ ሳይረግጠው አለፈ። ሃርትሊ በመጨረሻ ከባሏ ጋር ወደ አውስትራሊያ ስትሄድ እንኳ ለምን እንደ ሄደች ለማወቅ ጊዜ ይፈጅበታል። ከመጽሐፉ የምንማረው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሰውን መጉዳት ከመጥላት ብቻ አይመጣም። የራስን ሕልም በሰው ፊት ላይ ለጥፎ ያንን ሕልም ከመውደድም ይመጣል።

የምራቲቱ ጥያቄ

የመርዶክን የአማትና የምራት ምሳሌ መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን አጥፌ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የቤቴ ታሪክ ነበርና።

ባለቤቴን ባገባሁ ሰሞን የምንኖረው ከእናቴ ጋር ነበር። ባለቤቴ ስትስቅ ከት ብላ ነው። እናቴ ደግሞ ሴት ልጅ ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን መሸፈን አለባት እየተባለች ያደገች ናት። ይሁንና አንድም ቀን ክፉ አልተናገረቻትም። ቡና ሲፈላ አቦሉን አስቀድማ ለእርሷ ትሰጣለች፤ ዶሮ ሲሠራ ጥሩ ጥሩውን ለእርሷ ታወጣለች። ለእኔ ብቻ፣ ያውም አንድ ጊዜ፣ “ልጅቷ ደኅና ናት፤ ያልተቆነጠጠች መሆኗ ነው እንጂ” ብላኛለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ቤት ተከራይተን ወጣን። አንድ እሑድ ልጠይቃት ብሄድ፣ እናቴ ከሰሉን እያራገበች፣ “ያቺ ልጅ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ቀዘቀዘ። ለካስ ከጓዳ ሆኜ የምሰማው ሳቋ ነበር የሚያሞቀው” አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም እንደ ተራ ጨዋታ ሰምቼ አለፍኩት።

መርዶክን ያነበብኩት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ነገሩን ለባለቤቴ አጫወትኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ጥቂት ዝም አለችና፣ “ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?” አለች። ቀጥላም፣ “እሷ ስትገባ አፌን ስዘጋ የኖርኩት እኔ ነኝ። ክፉ አላለችኝም፤ እንዴት እንደምታየኝ ግን አውቅ ነበር። ስታጎርሰኝም አውቅ ነበር” አለችኝ።

ይህ መልስ ከባለቤቴ ይልቅ ለመርዶክ የሚቀርብ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። በምሳሌው ውስጥ የአማቲቱ ጠባይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከን የለውም ተብሏል። መርዶክ ይህን ያደረገችው ሆን ብላ ነው፤ ለውጡ በውስጥ ብቻ መሆኑን ለማሳየት ፈልጋ። ለክርክሩ ያስፈልጋል። በሕይወት ግን እንዲህ ያለ እንከን የለሽ ጠባይ አለ ወይ? ሰው በቃል ባይነገረውም የሚታይበትን ዐይን ያውቀዋል። በሚዘገይ ሰላምታ፣ ባልተጠየቀ ጥያቄ፣ ከልክ ባለፈ ትሕትና ያውቀዋል። እንግዲህ አተያይ የግል ጉዳይ አይደለም። የምናየው ሰው በአተያያችን ውስጥ ይኖርበታል፤ ጠባብ ከሆነ ይጨናነቅበታል፣ ሰፊ ከሆነም ይንቀሳቀስበታል።

ደግሞም በምሳሌው ውስጥ የምታየው አማቲቱ ናት፣ የምትታየው ምራቲቱ ናት። ምራቲቱ አንድ ቃል አትናገርም። ይህ ያለ ምክንያት የሆነ አይመስለኝም። በቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በአገርም ውስጥ ማየትና መመዘን የለመደ ወገን አለ፤ መታየትና መመዘን የለመደ ወገንም አለ። “እንደገና በፍቅር እይ” የሚለው ምክር ለመጀመሪያው ወገን ሲነገር ከባድና ተገቢ ትእዛዝ ነው። ለሁለተኛው ወገን፣ ለተገፋው ሲነገር ግን “ቻለው” የሚለው የቆየ ምክር ሌላ ልብስ ለብሶ የመጣ ሊሆን ይችላል። በባሏ የምትደበደብ ሴት “ምናልባት ያላየሁለት ደግነት ይኖር ይሆናል” እያለች ዐይኗን እንድታሽ መርዶክ አላዘዘችም። ፍቅርን ከፍትሕ ያልለየችው ለዚህ ነው። በትክክል ማየት አንዳንድ ጊዜ ክፋትን ያለ ማለስለሻ ክፋት ሆኖ ማየት ነው። ይህን ግን ከመርዶክ ይልቅ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

መታየት ብቻ ሲቀር

የመርዶክ የመጨረሻ ዓመታት ይህን ጥያቄ በራሷ ሕይወት ላይ አመጡት። በ1995 «የጃክሰን ጭንቅ» የተባለው ልብ ወለዷ ወጣ። አንዳንድ ሐያስያን መጽሐፉ ሳሳ አለብን አሉ። በ1997 የአልዛይመር በሽታ እንደ ያዛት ታወቀ። ከሞተች በኋላ የለንደን ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን፣ የተሸለመውንና የመጨረሻውን ልብ ወለዷን ቃል በቃል አነጻጽረው፣ በመጨረሻው የቃላቷ ሀብት መመናመኑን፣ የዐረፍተ ነገሮቿ ሰዋስው ግን ብዙም አለመናጋቱን አሳይተዋል። በሽታው ከሐኪሞቹ በፊት በገጾቿ ላይ ፈርሞ ነበር ማለት ነው።

ሌሎችን ልብ ብሎ ማየትን ስታስተምር የኖረችው ሴት ልብ ማለት የማትችል ሆነች። መጻሕፍት መጻፏን ረሳች። ጆን ቤይሊ አጠባት፣ አለበሳት፣ አበላት፤ የሕፃናት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አብሯት ተመለከተ። በ1998፣ እርሷ ገና በሕይወት ሳለች፣ ይህንኑ ኑሯቸውን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። ብዙዎች እያለቀሱ አነበቡት። መርዶክ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1999 በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ አረፈች። በ2001 በቤይሊ ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ፊልም ተሠራ፤ ወጣቷን መርዶክ ኬት ዊንስሌት፣ አሮጊቷን ጁዲ ዴንች ሆነው ተጫወቱ። ዛሬ መጽሐፎቿን ያላነበበ ሰው እንኳ የሚያውቃት በዚያ ፊልም በኩል፣ እንደ ታማሚ ነው።

ቤይሊ ያደረገው ነገር ትክክል ነበር? ጠባዩን ለሚወቅሱት ሰዎች ነገሩ ቀላል ነው፤ እሺም እምቢም ማለት የማትችልን ሴት ገመና በአደባባይ አውጥቷል። ለሚያመሰግኑት ደግሞ በሽታው ሰውነቷን ሲያፈርሰው እርሱ በፍቅር ዐይን ሰው አድርጎ ያያት ብቸኛው ምስክር ነው። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። በክፍሉ ውስጥ፣ ማንም ሳያይ፣ ሰውነቷን ሲያጥብ የነበረው ቤይሊ አማቲቱ የሠራችውን ሥራ፣ ያውም ከእርሷ በከፋ ችግር ውስጥ፣ ሠርቷል። ብዕሩን አንሥቶ ሲጽፍ ግን ሌላ ሰው ሆነ፤ የሚያይና የሚያሳይ ሰው። እርሷ ደግሞ የምትታይ ብቻ። ምራቲቱ በምሳሌው ውስጥ እንደ ነበረችው ሁሉ ድምፅ አልነበራትም።

የቀረው ግማሽ

ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህ የሩቅ ክርክር አይደለም። ኑሮዬ ስለ ሰዎች በመጻፍ ላይ የቆመ ነው። በአንድ ሰዓት ቃለ ምልልስ ሰው አይቻለሁ ብዬ ብዕሬን አንሥቼ አውቃለሁ። አንዱን “ኩሩ”፣ አንዱን “ቁጥብ” ብዬ ጽፌ፣ ቃሉ ታትሞ ከወጣ በኋላ ሰውየው በዚያ ቃል ውስጥ ሲኖር አይቻለሁ። መርዶክ ያስተማረችኝ ነገር ቢኖር ቅጽል መምረጥ የሞራል ሥራ መሆኑን ነው። ባለቤቴ ያስተማረችኝ ደግሞ ሥራው እዚያ ላይ እንደማያበቃ ነው።

አማቲቱ አንድ ትልቅ ነገር ሠርታለች ወይ ብለን ነበር የጀመርነው። አዎን፣ ሠርታለች። ማንም ባያየውም፣ ምራቲቱ ብትሞትም፣ በዓለም ላይ አንድ ሐሰት ጎድሏል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ምራቲቱ በሕይወት ካለች፣ ጎረቤት ቤት ወይም በስልክ ርቀት ላይ ካለች፣ ሥራው ገና ግማሽ ነው። የተለወጠው ዐይን ለታየው ሰው መድረስ አለበት። በቃልም ይሁን በሳቅ፣ ወይም “ያን ጊዜ ተሳስቼ ነበር” በማለት።

እናቴ ከከሰሉ አጠገብ ያለችውን ዐረፍተ ነገር በዚያው ሳምንት ይዤ ቤቴ መግባት እችል ነበር። መንገዱ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ባለቤቴ ከእናቴ ቤት ደጃፍ ስትደርስ አሁንም ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እዚያ ቤት ከሚኖሩት ዘመዶቼ ማንም ሳቋን አልከለከላትም።